ፎቶው ናሙናውን አይተካም

አሜሪካ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየሙን፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ስብስቡን፣ እዘጋለሁ ካለበት ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ አንድ መከራከሪያ ሲደጋገም እሰማለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ናሙናዎቹ ፎቶ ተነስተዋል፣ መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ታዲያ የደረቀ ቅጠልና ድንጋይ ታቅፎ መቀመጥ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። ይሄ ያናድደኛል። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ የሚሉት ሰዎች የተማሩ መሆናቸው ነው።

ፎቶ የሚመልሰው በተነሳበት ቀን የሚታወቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። ቀለሙ ምን ይመስላል? ቅርጹስ? በቃ። ክብደቱን፣ ዲኤንኤውን፣ ውስጡ የቀረውን መርዝ ከፎቶ አታገኙም። የታማሚ ፎቶ ልኮ የደም ምርመራ ውጤት እንደ መጠበቅ ነው።

የጭልፊቶቹን እንቁላል እዩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሪታኒያ ውስጥ ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ጎጆዎቹ ውስጥ የተሰበሩ እንቁላሎች ይገኙ ነበር። ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ ቅርፊቱ ሳስቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ግን ከምን ጋር ያወዳድረው? ወደ ድሮ ስብስቦች ሄደ። በሙዚየሞችና በግለሰቦች መሳቢያ ውስጥ፣ አስኳላቸው በትንሽ ቀዳዳ የወጣ ባዶ ቅርፊቶች ነበሩ። መዘናቸው። ርዝመትና ስፋታቸውን ለካ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሰበሰቡት ደህና ናቸው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት ግን ክብደታቸው በድንገት ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ በሰፊው መረጨት የጀመረው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ራትክሊፍ ግኝቱን በ1967 አሳተመ። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች።

እነዚያን እንቁላሎች የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲዲቲ ምን ያውቁ ነበር? ምንም። ተባይ እንደሚገድል የታወቀው ራሱ በ1939 ነው። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር የሚለቅሙት፣ ዛሬ ቢሆን በሕግ ያስጠይቃቸዋል። አሁን አስቡት። በ1930 አንድ ወጪ ቆጣቢ አስተዳዳሪ መጥቶ፣ እንቁላሎቹን አሳምሮ ፎቶ አስነስቶ ቅርፊቱን ቢያስወግድስ? ፎቶ ሚዛን ላይ አይወጣም። ማስረጃው አብሮ ይጠፋ ነበር። የመርዙ አምራቾችም እስከ ዛሬ ድረስ «የት አለ?» እያሉ ይሞግቱን ነበር።

ይሄ የአንድ ጊዜ ዕድል አይደለም። ኳጋ የሚባለው የሜዳ አህያ የመጨረሻው በ1883 አምስተርዳም ውስጥ ሞተ። ቆዳውን ያስቀመጡ ሰዎች ዲኤንኤ ይነበባል ብለው አላሰቡም። በ1984 ግን ሙዚየም ውስጥ ካለ ቆዳ ላይ ከተረፈ የደረቀ ሥጋ ተነበበ። በ1987 የታተመ ጥናት ደግሞ 200 ዓመት የሚሸፍኑ የሄርባሪየም ቅጠሎችን መረመረ። በአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር የቅጠሎቹ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ብዛት 40 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ቅጠሎቹን አድርቀው ወረቀት ላይ የለጠፉት ሰዎች ይህን አልጠየቁም፣ ሊጠይቁም አይችሉም ነበር።

ድንጋይስ አይለወጥም፣ አንዴ ከተመዘገበ አለቀ የሚሉ አሉ። ዌደርበርን የተባለው ሜትዮራይት፣ ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ፣ በ1951 አውስትራሊያ ውስጥ ተገኘ። ተቆረጠ፣ ተጠና፣ ተመዘገበ። በ2019 ከዚያው ድንጋይ ውስጥ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ታይቶ የማያውቅ ማዕድን ወጣ፤ ኤድስኮታይት ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከርኖዋይት የተባለ ሌላ አዲስ ማዕድን ተለየ። ድንጋዩ ከእንግሊዟ ኮርንዋል የወጣው ከ220 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የወጣበት ማዕድን ማውጫ ከተዘጋ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሄዶ ሌላ ማምጣት የለም!

ፎቶ ማንሳቱ ይቀጥል። ሩቅ ያለ ተመራማሪ የትኛው ናሙና የት እንዳለ ያውቅበታል። ካወቀ በኋላ ግን የሚጠይቀው ናሙናውን ነው።

የዱክ ኃላፊዎች በ2024 አልጣልንም፣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለሌሎች ተቋማት እናስተላልፋለን ብለው ነበር። 825,000 ገደማ ናሙና! የዕፅዋት፣ የአልጌ፣ የፈንገስ። ሌሎቹም እኮ ቦታና ሠራተኛ የጠበባቸው ናቸው። ከ1921 ጀምሮ አንድ ላይ የተጠራቀመ ስብስብ ሲበታተን፣ የቱ ናሙና ለምን እንደተወሰደ የሚያውቁት ባለሙያዎች በካርቶን አይላኩም። አቅም አጣን የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም። የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ፈንድ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

በ2018 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል ዓለም ሁሉ አዘነ። 20 ሚሊዮን ገደማ ዕቃ ከያዘው ስብስብ አብዛኛው ወደመ። ሪዮ ላይ እሳት ነበር። እዚህ ግን በፊርማ ነው። ፊርማ ደግሞ ይሻራል። ሕንፃው ይጠገን፣ ናሙናዎቹን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች ይቀጠሩ፣ ናሙናዎቹ ባሉበት ይቆዩ።