በ«አብሽር» ፍሬን አይያዝም!

ወገን፣ ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልሆነልኝም። ዛሬ ልተንፍሰው።

ሐረጎን ለማታውቁ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ግን ደሴ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በአብዛኛው የሚሸከሙልህ የፊት ጎማዎቹ ሁለት ዲስኮች፣ ፍሬን ስትረግጥ የሚጨበጡት ክብ ብረቶች፣ ናቸው። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና ከዚያ ከፍታ ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ15 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስንት ጀበና እንደሚሆን እናንተው ቁጠሩት። እኔ ኮምቦልቻ ስለምሠራ ይህን ጀበና በየቀኑ እጥዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታች ልደርስ ስል ደግሞ ፔዳሉ ልሞ ወደ ወለሉ መስመጥ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ መኪናዋ እያጓራች፣ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደገምኩ ወረድን።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። «የፍሬን ዘይት፣ ዶት 4፣ ያልተከፈተ» አልኩት። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ስር ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? በውሃ ፕላስቲክ የተገለበጠ ቢጫ ነገር! ግማሽ ድረስ የጎደለ።

«ያው ነው፣ አብሽር።»

እንዴት ያው ይሆናል? የፍሬን ዘይት እኮ ከአየር ላይ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ ግን ከ155 በላይ አይጠበቅበትም። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። አንተ ፍሬን የረገጥክ ይመስልሃል እንጂ የምትጨፈልቀው አረፋ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚሁ ነው። የኔው መቼ እንደተቀየረ እንጃ፣ ጠቁሮ የቡና እጣቢ መስሏል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም።

«ያልተከፈተ ካልክ ዶት 5 አለልህ» አለ ልጁ። አይሆንም ብለው ገርሞት አየኝ። «5 ከ4 አይበልጥም እንዴ?» ኧረ የት ልግባ! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከ3ም ከ4ም ጋር አይቀላቀልም። 5.1 የሚባለው ደግሞ የነ4 ዘመድ ነው። ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ለእሱም የምለው አለኝ።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ የታሸገ ዶት 4 አገኘሁና ወደ ጋራዥ።

መካኒኩ ጎማውን ፈታ፣ ዲስኩን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና «ቶርኖ ቤት ልከን እናስልጠው፣ አዲስ ይሆናል» አለኝ። ዲስኩ ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር አውጥቷል። ውፍረቱ ከዚህ በታች አይሂድ የሚለው ልክ እዚያው ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ የኔው 16 ሚሊ ሜትር ይላል። ብንለካው 15 ተኩል! ካለቀ ብረት ላይ ሌላ ልጠን? የሳሳ ዲስክ ሙቀቱን የት ያደርሰዋል?

«እሺ በቃ፣ የባሰበትን የቀኙን ብቻ እንቀይር፣ ግራው ገና ነው። አብሽር የኔ ወንድም።»

ግራና ቀኝ እኩል ካልያዘ መኪናዋ ወደ አንዱ ትስባለች እኮ! ያውም ሐረጎ ላይ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ሽቅብ የሚመጣ ከባድ መኪና። ሁለቱም ዲስኩን ከሚጨብጠው አዲስ የፍሬን ሸራ ጋር ይቀየር ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲያየኝ በብር የምቀልድ መሰልኩት።

ዲስኮቹ መጡ። ረዳቱ ከካርቶን አውጥቶ ሊገጥም! ዝገት እንዳይነካው የተቀባው ቅባት ፊቱ ላይ እያብለጨለጨ! «ቆይ፣ ይጠረግ» አልኩ። ያ ቅባት ሸራው ውስጥ ከሰረገ አዲሱም ሸራ አበቃለት። ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታም ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ ዲስኩ ዘምም ብሎ ይቀመጥና መሪው እንደገና ይንቀጠቀጣል። ልጁ ሳይከፋው ፋቀልኝ፣ አላህ ይስጠው። የነገረው ሰው ስለሌለ እንጂ እጁስ ጎበዝ ነው።

ከፍሬን መስመሩ አየር ስናስወጣ እኔ ፔዳል ረገጥኩ፣ እሱ «ያዝ! ልቀቅ!» አለ። የጠቆረው ወጥቶ ጠራ ያለው እስኪመጣ አራቱንም ጎማ ዞርን። መሃል ላይ መካኒኩ ጠብ ያደረጋትን ዘይት በጨርቅ እንኳ ሳያብስ ሄደ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ የግራ ፓራፋንጎዬ ላይ አሁን የመዳፍ ያህል ቦታ አኮፍኩፏል። ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ?

አዎ። እሱኑ።

ግን ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል፣ መሪውም ጸጥ ብሏል። ሂሳብ ከፍዬ፣ ሩብ ያህል የተረፈውን ዘይት አንስቼ ልወጣ ስል መካኒኩ ከእጄ ተቀበለኝ።

«ተወው ይሄን፣ ለሱቁ ልጅ እንሰጠዋለን። በፕላስቲክ አድርጎ ይሸጠዋል።»