ለምረቃ ሲሆን ይታደራል፣ ለድንጋይ ሲሆን አይታደርም?

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ልጄ እዚያው አሥረኛ ክፍል ናት። ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ምሳ ሰዓት ሲወራ ቆየ። መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን ማንሳት ሲጀምር፣ አንድ ውሳኔ በችኮላ ተነበበ። የጂኦግራፊ መምህሩ ለአሥረኛ ክፍል ያዘጋጀው የሁለት ሌሊት የመስክ ጉዞ ቀርቷል። ዕቅዱ አንድ አዳር ቢሾፍቱ፣ አንድ አዳር ባቱ ነበር። በምትኩ ልጆቹ ግማሽ ቀን ፍልውሃንና አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ያያሉ።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አንድ የኮሚቴ አባል ማይኩን ተቀበሉ። "ድንጋይ የትም ድንጋይ ነው። ለማየት ማደር አያስፈልግም። ደግሞ ዛሬ ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ድንጋይ የትም ድንጋይ ነው? እንግዲያው ለብሎኬት የሚገዛውን ፑሚስና ለኮብልስቶን የሚጠረበውን ድንጋይ አንድ ላይ ዝቀን እንጫነው። የትኛውም የቀን ሠራተኛ እነዚህን አይቶ ይለያል። አንዱ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዱ መዶሻ ይሰብራል። ይህን የማይለይ ሰው ግን በልጆቻችን ትምህርት ላይ ይወስናል።

ዩቲዩቡን በአጭሩ ልለፈው። ቪዲዮ ካሜራ የያዘው ሰው የመረጠልህን ያሳይሃል። ሜዳ ላይ የሚመርጥልህ የለም፤ ራስህ ታያለህ ወይም ታልፈዋለህ። በቃ።

ዋናው ነገሬ አዳሩ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ከሆራ ወይም ከባቦጋያ ሐይቅ ጠርዝ ላይ የቆመ ተማሪ መጀመሪያ ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ። "እሳተ ገሞራ ነው። ላቫ ፈሷል።" ከዚያ አናቱ ላይ እሳት የሚተፋ ተራራ ይስላል። ተሳስቷል። ሐይቆቹ የተኙባቸውን ጉድጓዶች የፈጠረው ፍንዳታ ነው። ከታች የመጣው ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ፤ ምድሩን በሳው፤ አመዱንና ስብርባሪውን ዙሪያውን በተነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ንብርብር እሱ ነው።

ጉዞው ደርሶ መልስ ከሆነስ? አውቶቡሱ 1 ሰዓት ይነሳል ይባላል፤ 2 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም ከፒያሳ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ልጆቹ ሐይቁ ዳር ፎቶ ይነሳሉ፣ መምህሩ ድምፁ እስኪዘጋ ያስረዳል፣ ምሳ ይበላል፣ 9 ሰዓት ላይ "ግቡ፣ ግቡ!" ይባላል። ያ የተሳሳተ ሥዕል ደብተሩ ውስጥ እንዳለ ቤት ይገባል።

ካደሩ ግን ማታ ከእራት በኋላ ደብተር ይገለጣል። መምህሩ "ላቫው የታለ? ማን አየው?" ይላል። ዝምታ። አንዱ "እኔ ጥቁር ድንጋይ አይቻለሁ" ይላል። "ንብርብሩ ውስጥ ነው ከሥሩ?" ማንም እርግጠኛ አይደለም። አንዷ ከሥሩ ነው ትላለች፣ ሌላው አይደለም ብሎ ይወራረዳል። ጠዋት ተመልሰው ሲሄዱ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ትናንት ያለፉትን አሁን ያዩታል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ተወርውሮ እርጥብ አመድ ላይ የወደቀ ድንጋይ ይገኛል፤ ከሥሩ ያለውን ንብርብር ሰው እንደተኛበት ፍራሽ አጎድጉዶታል። አንድ ልጅ ይህን አይቶ፣ በገዛ እጁ የትናንቱን ተራራ ሰርዞ፣ ጉድጓድ ሲስል ነው ተማረ የሚባለው። ያ የሚሆነው በሁለተኛው ጠዋት ነው። ሁለተኛ ጠዋት ደግሞ ሌሊት ሳያልፍ አይመጣም።

እኔ አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ስማር ፊልድ ወጥተን አንዱን ካርታዬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሠርቻለሁ። ሦስቱንም ማታ ነው። ከክፍል ትምህርቱ ግማሹን ረስቻለሁ፤ ያንን ካርታ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። ደፍሬ ልናገር፦ ሁለት ሌሊት መስክ ላይ የተማሩት ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ከተማሩት ይበልጣል። ጥናት አምጣ የሚለኝ ካለ እሱንም ዩቲዩብ ላይ ይፈልገው።

ባቱማ፣ የድሮዋ ዝዋይ ከተማ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከሺዎች ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ቡልቡላ አካባቢ ከዛሬው ሐይቅ ርቆ፣ ደረቅ አፈር ውስጥ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይለቀማል። እዚያው አካባቢ ያለው አሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ ምድር እንፋሎት ትተነፍሳለች፤ የሀገሪቱ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን ፒያሳ ላይ ማን ያሳየኛል?

ፍልውሃን አልንቅም። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረደ ውሃ ነው። ውሃው ከጥልቅ የሚወጣበት የምድር ስንጥቅ ግን አስፋልትና ሕንጻ ለብሷል። ለልጆቹ የሚታያቸው ቲኬት ቤቱና ወረፋው ነው። ሙዚየሙም ቢሆን ያው ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናት የታወቀው የተገኘችበት ሐዳር፣ አፋር ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ተመርምሮ ነው። ንብርብር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ ቁጥር ነው።

በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ መሀል ከተማ ፎቅ ላይ ያለ ሁሉ በደረጃ ወረደ። በማግስቱ አዲስ አበባ ላይ እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬ ስንት ስልክ ላይ ዞረ? የእኔም ቤት ደርሷል። ያስተላለፉት ደግሞ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ምድርን ግን ከደብተር ብቻ ነው የሚያውቋት።

የደኅንነት ነገር እንዳይረሳ አንዲት እናት "ሴት ልጄን የትም አላሳድርም" አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሴት መምህራን አብረው ይሂዱ፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ይቅር። ግን ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ስንቱ ወጣት ነው ዝቋላ ተራራ ላይ ነጠላውን ለብሶ የሚያድረው? ዝቋላም በነገራችን ላይ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሐይቁ ያለው አፉ ላይ ነው። ወጪ ለሚሉት ደግሞ፣ ሪዞርት ማን ጠየቀ? ባዶ የመማሪያ ክፍልና ፍራሽ ይበቃል።

ሌላም አለ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ የተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ልጅ ጂኦግራፊ አይማርም። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ጂኦሎጂ የሚመደበው ግን እሱ ነው። የዘንድሮው ዕድል ካመለጠው ድንጋይን የሚያውቀው ተመድቦበት ሲያለቅስ ነው።

በዚያው ስብሰባ ሌላ ጉዞ ጸድቋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተመራቂዎች ሰኔ ላይ ሁለት ሌሊት ላንጋኖ ያድራሉ፤ ዲጄም አለ። የተቃወመ የለም፣ ስለ ሴት ልጆችም የጠየቀ የለም። እኔም አልቃወምም። ሾፌሩን ብቻ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ ቡልቡላ ሲደርስ አሥር ደቂቃ ያቁምላቸው።