እምቦጩ በዚህ በጋ አይጠፋም
«ማሽኖች ስለተሰማሩ ከጥር ወዲያ ስለ እምቦጭ የሚያወራ አይኖርም» የሚለው፣ ጣና ሐይቅን ስለወረረው የውኃ አረም ስለ እምቦጭ የወጣው ጽሑፍ ትንበያ አላሳመነኝም፤ አረሙ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህንኑ ተስፋ ስንሰማ ኖረናልና። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ሲሞላ አረሙ ተንሳፍፎ ወደ ደምቢያና ፎገራ ዳርቻ ይገፋል፤ ውኃው ሲሸሽ ጭቃ ላይ ተኝቶ ይደርቅና የጠፋ ይመስላል፣ ዘሩ ግን ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ስለዚህ የእኔ ግምት ጥር ላይ ዳርቻው ነጽቶ ፎቶግራፍ እንደሚነሣ፣ በቀጣዩ መስከረም ደግሞ ገበሬው እንደገና ለዘመቻ እንደሚጠራ ነው። ባለፈው ኅዳር በታንኳ ስንወጣ መቅዘፊያው ላይ የተጠመጠመውን ሥር በማጭድ እየቆረጥን ነበር የሄድነው። ከእኔ በፊት «የጨረጨራ በር (ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው ግድብ) ቢዘጋ ይበቃል» ያሉት አስተያየት ሰጪም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ የውኃ ከፍታ አረሙን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይገድለውም።