በሄይቲ የምትስቁ ወገኖቼ ሆይ

እጃችሁን አንሥታችሁ፣ ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ አሜሪካዊ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ፌዙ ይብቃችሁ! በ2024 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚኖሩ፣ ከካሪቢያኗ አገር ከሄይቲ የመጡ ሰዎች ውሻና ድመት ይበላሉ የሚለው ውሸት በፕሬዚዳንታዊ ክርክር ላይ ሲነገር፣ እየተቀባበለ ከሳቀው መካከል የእኛም ሰው ነበረበት። «ራሳቸውን ማስተዳደር ያቃታቸው፣ ዕዳ የበላቸው» ትላላችሁ።

ዕዳውን ማን ጫነባቸው? በባርነት የተገዛ ሕዝብ ተዋግቶ በ1804 ነጻ ቢወጣ፣ ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከቦቿን አሰልፋ ለቀድሞ ጌቶቹ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍል አስገደደችው። ተበዳይ ለበዳይ ካሰ! ኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ያንን ለመክፈል ብድር፣ ብድሩን ለመክፈል ሌላ ብድር ተከተለ።

ከዚያ አገራችን መጣች። አዎ፣ እናንተም እኔም ግብር የምንከፍልላት። በታኅሣሥ 1914 የአሜሪካ ማሪኖች (የባሕር ኃይል ወታደሮች) በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕራንስ ካለው ብሔራዊ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አውጥተው፣ በጦር መርከብ ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱት። በሌላ ሰው ቢሆን ስሙ ዝርፊያ ነበር። በ1915 ሐምሌ የሄይቲ ፕሬዚዳንት ሲገደሉ ማሪኖቹ «ሥርዓት እናስከብራለን» ብለው ገቡና እስከ 1934 አልወጡም። ጉምሩኩን ያዙ፤ ብሔራዊ ባንኩን የዛሬው ሲቲባንክ ጠቀለለው። የውጭ ሰው መሬት እንዳይገዛ የሚከለክለው የቆየ ሕግ በ1918 ሕገ መንግሥት ተሻረ። ገበሬው ለመንገድ ሥራ በግዳጅ ተነዳ። ያመፀው ሻርለማኝ ፔራልት በ1919 ተገደለ፤ ሬሳውን በር ላይ አስረው ፎቶ አነሡት፣ ሕዝቡ እንዲፈራም ፎቶውን በተኑት። ሕዝቡ ግን የስቅለት ሥዕል አየበት።

የምትስቁባቸው እነማን እንደሆኑስ ታውቃላችሁ? ቤኒቶ ሲልቫን ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ የመጣ ሄይቲያዊ ነው። በ1935 ጣሊያን ሲነሣብን ደግሞ የሄይቲው ተወካይ አልፍሬድ ኔሙር ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ፊት ቆሞ፣ ማንም አገር አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል አንርሳ አለ። ይህን ሲል አገሩ ከአሜሪካ ወታደር ከተገላገለች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ገንዘቧ እንዲያውም እስከ 1947 ከአሜሪካ ቁጥጥር አልወጣም።

«የ1915ቱ ጣጣ እኔን ምን አገባኝ፣ እኔ ያኔ የት ነበርኩ?» የሚል አይጠፋም። ጡረታውንና ፓስፖርቱን ስትወስዱ ግን እንዲህ አላላችሁም።

ደግሞስ ጣልቃ ገብነትን እናንተ አታውቁትምን? በ2021 ዋሽንግተን ላይ «እጃችሁን ከኢትዮጵያ ላይ አንሡ» እያላችሁ ባንዲራ ለብሳችሁ የወጣችሁ፣ የኮንግረስ ተወካዮቻችሁን ስልክ ያጨናነቃችሁ ናችሁ። ቁጥሩ እጃችሁ ላይ አለ። ስለ ሄይቲም ደውሉበት።