ነደባውን ለሴራሚክ አትለውጡት

በግንብ ወደ ታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ሐረር ጁገል፣ ለማደር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ተግሳጹ ለእናንተ ነው። አሮጌውን ቤት የሚያፈርሰው ግንበኛው ብቻ አይደለም።

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡትን፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ግንብ ተሻግራችሁ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወደ ሆነ የሐረሪ ቤት ትገባላችሁ። ሻንጣችሁን ሳታስቀምጡ መጠየቅ ትጀምራላችሁ፦ ሻወሩ ክፍሉ ውስጥ ነው? ወለሉ ለምን ሴራሚክ አልሆነም? ቴሌቪዥኑስ? የቤቱ ባለቤት እንግዳ እንዳይሸሻት ትፈራለች፤ ግንበኛም ትጠራለች።

ያን ጊዜ እንደ ልማዱ ሙሽሮች የሚያርፉባት ትንሽ ክፍል፣ ኪርታት፣ መታጠቢያ ቤት ትሆናለች። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ልስኑ ኖራ ነው፤ እርጥበት ቢገባበትም ይወጣል፣ ዕድሜውም ከዚህ የመጣ ነው። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን ውሃው መውጫ ያጣል። ጭቃው ይላላል፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የጣሪያ እንጨት ጫፉ ይበሰብሳል። ከውጭ ለሚያየው ግን ቤቱ ታድሷል!

በሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ ለመቀመጫ የተሠሩት አምስቱ ነደባ ተራ መደብ አይደሉም። ከፍታቸው የአባወራውን፣ የሽማግሌውንና የወጣቱን ቦታ ይለያል፤ እነሱን ንዶ ሶፋ መደርደር የቤቱን ሥርዓት መናድ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። እናንተን ደግሞ ነጭ ሴራሚክ አማራችሁ።

ባለቤቶችም ከወቀሳ አታመልጡም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ግንቡንና መስጊዶቹን ብቻ ሳይሆን ቤቶቻችሁንም ነው። እንግዳው የሚመጣው እነሱን ብሎ ነው፤ ሴራሚክማ በየከተማው ሞልቷል። ሽንት ቤት አይኑር ያለ ማንም የለም (እኔም ሌሊት ግቢ አቋርጦ መሄድ አልወድም)። ግን ከአሮጌው ግድግዳ ለይታችሁ፣ የራሱን ፍሳሽ ማስወገጃ አብጅታችሁ ግቢው ውስጥ ሥሩት። የመብራት ሽቦውንም ግድግዳ ሳትፈለፍሉ በላዩ አሳልፉት። ነደባውን አትንኩ።

ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ክረምት ባለፈ ቁጥርም መጠገን አለበት። ወጪው በአዳሩ ዋጋ ላይ መደመሩ አይቀርምና፣ እናንተ እንግዶች በጥቂት ብር ጭማሪ ከባለቤቷ ጋር አትከራከሩ።