ማስተካከያ፦ የዴኦባንድ ዳሩል ዑሉም ኃላፊዎች ዝርዝር

ጅማ ለሚገኙ ደረሶች ባሰራጨነው በዴኦባንድ (ሕንድ) የሚገኘው የዳሩል ዑሉም እስላማዊ መድረሳ ኃላፊዎች ዝርዝር ላይ ስህተቶች ስላሉ እንደሚከተለው ታርመዋል።

መድረሳው በ1866 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የመጀመሪያው ሙህተሚም (የመድረሳው ኃላፊ) ማውላና ቃሲም ናኖታዊ ናቸው ብለን ነበር። አይደሉም፤ ሐጂ ዓቢድ ሑሴን ናቸው። ናኖታዊ ከመሥራቾቹ አንዱና የበላይ ጠባቂ ነበሩ። ሐጂ ዓቢድ ኃላፊነቱን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለያዙ ስማቸው ቢደጋገም የጽሑፍ ግድፈት አይደለም።

ማህሙድ ሐሰንና ሑሴን አሕመድ መደኒም ከዝርዝሩ ይሰረዙ። እነሱ ሰድር ሙደሪስ፣ ማለትም ዋና መምህር ነበሩ። ሙህተሚም ገንዘቡን፣ ቅጥሩንና ሕንፃውን ያስተዳድራል፤ ሰድር ሙደሪስ ትምህርቱን ይመራል። ዝናቸው ከኃላፊዎቹ ስለሚበልጥ መሳሳቱ ቀላል ነው።

ቃሪ ሙሐመድ ጠይብ ከ50 ዓመት በላይ መርተው በ1982 እ.ኤ.አ. ለቀዋል፤ «እስከ ሞቱበት እስከ 1983» ያልነው ይታረም።

ትልቁ ስህተት ግን የዘመን ቆጠራው ነው። ከሁሉም ዓመት ላይ 8 ቀንሰን ነበር፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው። መርጉቡር ረሕማን ያረፉት በዲሴምበር 2010 ስለሆነ በእኛ 2003 እንጂ 2002 አይደለም። ተተኪያቸው ጉላም ሙሐመድ ቫስታንቪ ጥር 2003 ተሾመው ሐምሌ 2003 በሹራው (በመድረሳው የበላይ ምክር ቤት) ተነሱ፤ አቡል ቃሲም ኑዕማኒም በዚያው ወር በቋሚነት ተሾሙ። ሦስቱም ስም በአንድ ዓመት ሥር ይጻፍ።