የአገልግሎት አስተዳዳሪ ምን ያህል ይጠይቅ?

የአገልግሎት አስተዳዳሪ ማለት ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳ፣ የሚጠብቅና የሚያቆም ፕሮግራም ነው፤ ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ላይብረሪ ደግሞ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ ነው። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «የአገልግሎት አስተዳዳሪ በአንድ ከርነል ላይ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ መታነጹ፣ ለግንባታውም ብዙ ላይብረሪና መሣሪያ መጠየቁ ተገቢ ነው።» ሐሳቡን የሚደግፉት ለረጅም ጊዜ ሰርቨር ሲያስተዳድሩ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ ሚሞሪያቸው ጠባብ ለሆኑ መሣሪያዎች ሊኑክስን ከምንጭ ኮዱ ጀምረው የሚያዘጋጁ ናቸው። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው ዛሬ አብዛኞቹ ትላልቅ የሊኑክስ ስርጭቶች (ተዘጋጅተው የሚታደሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) በሚጠቀሙበት፣ ሲስተምዲ በተባለው አስተዳዳሪ ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ካለው የመጀመሪያ ፕሮግራም) ልነሳ። ከርነሉ ማሽኑን አስነስቶ ሲጨርስ ቀሪውን ሥራ የሚያስረክበው ለአንድ ፕሮግራም ነው፤ የፕሮሰስ ቁጥሩም 1 ነው። ሌላው አገልግሎት ሁሉ የእሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ወላጁ የሞተበት ፕሮሰስ እሱን ይጠጋል፤ ሲሞትም የሚቀብረው እሱ ነው። ካልቀበረው ዞምቢ ሆኖ በከርነሉ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቀራል። ፕሮሰስ 1 ራሱ ከሞተ ደግሞ ከርነሉ መቀጠል አይችልም፤ ማሽኑ እንዳለ ይቆማል።

ከ1983ቱ የዩኒክስ እትም ከሲስተም ፋይቭ የወረስነው ኢኒት የተባለ ፕሮግራም በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቀው ስክሪፕት (በፋይል የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር) ማስኬድ ብቻ ነበር። ስክሪፕቱ አገልግሎቱን ያስነሳል። አገልግሎቱ ራሱን ሁለት ጊዜ ያባዛል፣ ወላጁ ይወጣል፣ የቀረው የፕሮሰስ ቁጥሩን በአንድ ፋይል ላይ ጽፎ ከበስተጀርባ ይሠራል። «አቁም» ሲባል ስክሪፕቱ ፋይሉን አንብቦ፣ ያ ቁጥር ላለው ፕሮሰስ ሲግናል ይልካል። አገልግሎቱ ፋይሉን ሳያጠፋ ቀድሞ ሞቶ፣ ቁጥሩ ለሌላ ፕሮሰስ ተሰጥቶ ከሆነስ? ይህ ደርሶብኛል። አንድ ሌሊት የኢሜይል አገልግሎት አቆምኩ ብዬ የገደልኩት ሥራውን ያልጨረሰ የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ ነበር። ያወቅሁትም ቅጂው በተፈለገ ዕለት ነው።

ሲግሩፕ የተባለው፣ ፕሮሰሶችን በቡድን የሚይዝ የከርነል ስልት በ2008 በከርነሉ እትም 2.6.24 ሲመጣ መፍትሔው ተገኘ። እያንዳንዱ አገልግሎት በራሱ ቡድን ውስጥ ይነሳል፤ የሚወልዳቸው ልጆች ሁሉ ቡድኑን ይወርሳሉ፤ ሥልጣን የሌለው ፕሮሰስ ሁለት ጊዜም አሥር ጊዜም ቢባዛ ከቡድኑ አያመልጥም። አስተዳዳሪው «አቁም» ሲባል ቡድኑን በሙሉ ያቆማል። የሚሞሪና የፕሮሰሰር ገደብም በዚያው ቡድን ላይ ይጣላል። ይህን የሚሰጥ ነገር ለዩኒክስ መሰል ስርዓቶች የጋራ በሆነው በፖዚክስ መስፈርት ውስጥ የለም። ስለዚህ በ2010 ይፋ የሆነው ሲስተምዲ ሊኑክስን ብቻ መጠየቁ ግትርነት አይደለም። በ2005 የወጣው የማክ አስተዳዳሪ ላውንችዲም በራሱ ከርነል ላይ የቆመ ነው፤ በዚያው ዓመት ከሶላሪስ 10 ስርዓተ ክወና ጋር የመጣው አስተዳዳሪ ኤስኤምኤፍም እንዲሁ።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ በቅጂው የደረሰብዎት ነገር ያሳዝናል፤ ጥፋተኛውን የለዩበት መንገድ ግን አላሳመነኝም። የከዳዎት የሲግሩፕ አለመኖር ሳይሆን አገልግሎቱ ከወላጁ እንዲሸሽ መፈቀዱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያ የቁጥር ፋይል ለሸሸ ልጅ በጥድፊያ የታሰረ መቀነት ነበር። አገልግሎቱ ሳይባዛ ፊት ለፊት ቢሠራ አስተዳዳሪው ቀጥተኛ ወላጁ ይሆናል። ሲሞት ከርነሉ ራሱ ይነግረዋል። የልጁን ቁጥርም ወላጁ እስኪቀብረው ድረስ ከርነሉ ለሌላ አይሰጥም። ፋይል የለም፣ ስሕተትም የለም። ይህን ዲ. ጄ. በርንስታይን ዴሞንቱልስ በተባለው ሥራው ያሳየን ሲግሩፕ ከመወለዱ በፊት ነው። ራንኢትና ኤስ6 የተባሉ አስተዳዳሪዎች በዚያው መንገድ ተጉዘው ሊኑክስ ላይም ቢኤስዲ በተባሉት ሌሎች ዩኒክስ መሰል ስርዓቶች ላይም ይሠራሉ።

አሁን ወደ ግንባታው እንምጣ። ራንኢትን ለመገንባት የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር (ምንጭ ኮድን ማሽኑ ወደሚያስኬደው የሚቀይር) እና ሜክ የተባለ የግንባታ መሣሪያ ይበቁኛል። ሲስተምዲን ለመገንባት ሜሶን፣ ኒንጃ፣ ጂፐርፍ፣ ፓይተን፣ በላዩ ጂንጃ2 ያስፈልገኛል፤ የከርነል ሄደሮችና ላይብረሪዎች ሳይቆጠሩ። እኔ የማዘጋጃቸው መሣሪያዎች ቀላሉን የሲ ላይብረሪ መስልን እንጂ ከባዱን ጂሊብሲን አይሸከሙም። መስል ላይ ለመገንባት የሞከርን ሰዎች ለዓመታት የራሳችንን ማስተካከያ በየእትሙ ላይ ስንለጥፍ፣ እትም በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ስንነቅልና እንደገና ስንለጥፍ ኖረናል።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ሜሶን፣ ጂፐርፍና ጂንጃ2 የሚያስፈልጉት በሚገነባው ማሽን ላይ ነው። እርስዎ መሣሪያው ላይ ኮምፓይል እንደማያደርጉ አውቃለሁ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገንብተው ነው የሚጭኑት። ከእነዚህ አንዱም ወደ መሣሪያው አይገባም። የኔትወርኩን፣ የስም ፍለጋውን፣ የሰዓት ማስተካከያውን ክፍል ካልፈለጉ በግንባታ አማራጭ ያጠፏቸዋል። የመስሉን ቅሬታ ግን እቀበላለሁ፤ በዚያ በኩል ብዙ ሰው ያለ አግባብ ደክሟል።

የወላጅና የልጅ ዘዴዎ ያማረ ነው፤ ጉድለቱ የልጅ ልጅ ላይ ነው። አገልግሎቱ ሌላ ፕሮግራም አስነስቶ፣ ያኛው ደግሞ ሌላ ወልዶ መሐለኛው ቢሞት፣ የልጅ ልጁ ወደ ፕሮሰስ 1 ይሄዳል። ራንኢት ዋናውን ገድሎ ሲያስነሳ ያ የተረሳ ፕሮሰስ አሮጌውን ወደብ (አገልግሎቱ ከኔትወርክ ጥያቄ የሚቀበልበትን ቁጥር) ይዞ ተቀምጧል፤ አዲሱ አገልግሎት መነሳት ያቅተዋል። ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድር ሰው ሁሉም ሥርዓት ይዘው ይወልዳሉ ብሎ መተማመን አይችልም።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ ወደ ልጅ ልጁ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ጥገኝነት በሚገነባው ማሽን ላይ አይቀርም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ።

ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ በተባለው የማጨቂያ ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተቀበረ የኋላ በር፣ ማለትም ሥውር መግቢያ፣ አጋለጠ። የጀመረው ወደ ማሽን ከሩቅ የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተውሎ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ መረጃ የሚያጭቅ ላይብረሪ የሩቅ መግቢያ በር ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? መግቢያውን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ በራሱ ኤክስዜድን አይጠይቅም። ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉ ስርጭቶች ግን አገልግሎቱ መነሳቱን ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው ሊብሲስተምዲ የተባለውን ላይብረሪ አያያዙበት። ሊብሲስተምዲ ደግሞ የምዝግብ ማስታወሻዎቹን የሚያጭቀው በኤክስዜድ ላይብረሪ ስለሆነ እሱን ጎትቶ አመጣው። አየት አድርጉት፤ «ዝግጁ ነኝ» የምትለዋ መልእክት በአካባቢ ሶኬት (በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መስመር) ላይ የምትጻፍ አንዲት አጭር መስመር ናት። በሲ ቢጽፏት ጥቂት ደርዘን መስመር ናት፣ ላይብረሪ አያስፈልጋትም። ለእሷ ሲባል የማሽኑ ዋና በር ለማያውቀው ኮድ ተከፈተ።

የአስተዳዳሪው መስፈርት በአስተዳዳሪው ላይ አይቆምም ያልኩት ለዚህ ነው። ከእሱ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሁሉ ሸክሙን ይካፈላል።

ደጋፊ፦ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ያን ሳምንት እኔም የማስተዳድራቸውን ማሽኖች አንድ በአንድ ስፈትሽ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ሰንሰለቱን ሳነብ የተሰማኝ እርስዎ አሁን ያሉት ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም እንናገር። የማጨቂያ ላይብረሪዎቹ በቋሚነት መያያዛቸው ቀርቶ ሲፈለጉ ብቻ እንዲጫኑ የተደረገበት ለውጥ ሴራው ከመጋለጡ በፊት ተጀምሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከሲስተምዲ እትም 256 ጋር ወጣ። የ«ዝግጁ ነኝ» መልእክቷን ያለ ላይብረሪ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌም በሰነዱ ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ የሆነው ሲግሩፕን መጠየቅ ሳይተው ነው። ላይብረሪ መብዛቱ አንድ ነገር ነው፣ በከርነሉ ላይ መመሥረቱ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን መቀነስ ሁለተኛውን አያስጥልም።

ተቃዋሚ፦ ሲፈለግ የሚጫን ላይብረሪ ከዓይኔ ይሰወራል። ቀድሞ የትኛው ፕሮግራም ምን እንደሚፈልግ በአንድ ትእዛዝ እዘረዝር ነበር፤ አሁን ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ አይቼ መሣሪያውን እልካለሁ፣ የጎደለው ነገር የሚታወቀው ግን መስክ ላይ ነው።

ደጋፊ፦ ለዚያም እኮ በዚያው እትም መልስ መጥቷል። ሲፈለጉ የሚጫኑት ላይብረሪዎች በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ በልዩ ማስታወሻ ይመዘገባሉ፤ የግድ የሚያስፈልገው፣ ቢኖር የሚመረጠውና እንደ አማራጭ ብቻ የሚጠቀሰው ተለይቶ። የጥቅል ማዘጋጃ መሣሪያዎችዎ ያን ማስታወሻ እንዲያነቡ ማድረግ ይችላሉ።

ተቃዋሚ፦ መልካም፣ ያን አደርጋለሁ። ሆኖም የፕሮሰስ 1ን ክብደት ገና አልነካነውም። በ2021 ጁላይ የደኅንነት ኩባንያው የኳሊስ ተመራማሪዎች ያወጡት ስሕተት አለ። ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ የመንገድ ስሙ ከ8 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስርዓት ሲሰቅል (ከማሽኑ ጋር ሲያገናኝ)፣ ሲስተምዲ ያን ስም በስታክ (ለጊዜያዊ ሥራ በተመደበ ውስን ሚሞሪ) ላይ ሊገለብጥ ሲሞክር ስታኩ ሞልቶ ይወድቃል። የወደቀው ፕሮሰስ 1 ስለሆነም ማሽኑ አብሮ ይወድቃል። ስሕተቱ ከ2015 ጀምሮ እዚያው ነበር። ከሁሉ ያስቆጨኝ፣ ያን ስም ማንበብ የፕሮሰስ 1 ግዴታ አለመሆኑ ነው። ፕሮሰስ 1 መሥራት ያለበት ሙታንን መቅበርና አስተዳዳሪውን መጠበቅ ነው። የተሰቀሉ ፋይል ስርዓቶችን የሚከታተለው ክፍል ሌላ ፕሮሰስ ቢሆን ኖሮ እሱ ይሞታል፣ ፕሮሰስ 1 ያስነሳዋል፣ ተጠቃሚው ምንም አያውቅም።

ደጋፊ፦ ይህ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የከበደኝ ነው፣ አልሸሽገውም። ሆኖም አስተዳዳሪው ተለይቶ ቢሞት፣ እንደገና ሲነሳ የትኛው አገልግሎት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ፣ የትኛው ሶኬት ለማን እንደተያዘ ከየት ያውቃል? ፕሮሰስ 1 ሕያው ሆኖ አገልግሎቶቹን የሚያውቅ ከጠፋ ማሽኑ ቆሞ የሚሄድ በድን ነው። ራንኢት ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ጠባቂ ያቆማል፤ ጠባቂዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። «ዳታቤዙ ዝግጁ ሲሆን ድረ ገጹን አስነሳ» የሚለውን ቅደም ተከተል የስክሪፕቱ ጸሐፊ ራሱ እየጠበቀና እየደጋገመ ሊያሟላው ነው።

ተቃዋሚ፦ ኤስ6 ዝግጁነትን በፋይል ገላጭ (ከርነሉ ለተከፈተ ፋይል ወይም መስመር በሚሰጠው ቁጥር) በኩል ያስተላልፋል፤ ቅደም ተከተሉንም ከላዩ የተቀመጠ ሌላ ፕሮግራም ይይዘዋል። ስለዚህ ይቻላል።

አሁን ወደ ልጅ ልጁ ልመለስ፣ ቃል ገብቻለሁና። ሊኑክስ ከ3.4 ጀምሮ ከፕሮሰስ 1 ሌላ የሆነ ፕሮሰስ ወላጅ የሞተባቸውን ዘሮቹን እንዲቀበል የሚፈቅድ ጥሪ (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት መንገድ) አለው።

ደጋፊ፦ ያ ጥሪ ራሱ የሊኑክስ እንጂ የፖዚክስ አይደለም። የእኔን ነጥብ ነው እየደገሙልኝ ያሉት።

ተቃዋሚ፦ ይታገሱኝ። ፍሪቢኤስዲም የራሱ ጥሪ አለው፤ በአንድ ትእዛዝ ዘሮቹን በሙሉ መግደልም ይችላል። ማለትም የሚያስፈልገው ተግባር አንድ ነው፣ «ዘሮቼን ሁሉ ልወቅ»፤ አፈጻጸሙ ግን በየከርነሉ ይለያያል። መስፈርቱ እንዲህ ተብሎ በተግባር ቢጻፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ለየከርነሉ ቀጭን ክፍል ቢኖር፣ ሲስተምዲ የአንድ ከርነል ብቻ ባልሆነ ነበር። ሊኑክስ ውስጥ ራሱ እንኳ ችግሩ ይታያል። የሲስተምዲ እትም 256 በአሮጌው፣ ማለትም በመጀመሪያው ዓይነት፣ ሲግሩፕ አልነሳም ማለት ጀመረ፤ 258 ደግሞ ድጋፉን ጨርሶ አውጥቶ ከከርነል 5.4 በታች አልሠራም አለ። የቺፑ አምራች 4.x ላይ ትቶት የሄደ መሣሪያ ያለው ሰው ምን ይሁን? አስተዳዳሪውን ማደስ አይችልም፣ ከርነሉን ማደስም በእሱ እጅ አይደለም።

ደጋፊ፦ ለዚያ ሰው አዝናለሁ፤ ግን ከአስተዳዳሪው በፊት አደጋ ላይ የጣለው አምራቹ ትቶት የሄደው ከርነል ነው። አዲሱ ሲግሩፕ በከርነል 4.5 የጸናው በ2016 ነው፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን መሸከም ደግሞ በእያንዳንዱ የሀብት ገደብ ላይ ሁለት መንገድ መጻፍ፣ ሁለቱንም መፈተን ነው። ቀጭን የሚሉትን ክፍልም ማን ይፈትነዋል? የሚጠቀምበት ሰው ያልፈተነው ኮድ በፕሮሰስ 1 ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈቅድም።

ተቃዋሚ፦ ፈታኙ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓይነት መሣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ሁለቱ ፍሪቢኤስዲ ያስነሳሉ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መስፈርቶቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይለዩልኝ፤ ፕሮሰስ 1 ያለ እሱ የማይነሳበት፣ አንድ ክፍል ብቻ የሚፈልገው፣ ለግንባታ ብቻ የሚያስፈልገው።

ደጋፊ፦ ገጹን እኔ እጽፈዋለሁ። እርስዎ ደግሞ መሐለኛው ሞቶ የልጅ ልጁ ወደብ ይዞ የሚቀርበትን ሙከራ በሁለቱ የፍሪቢኤስዲ መሣሪያዎች ላይ ያስኪዱልኝ፤ ያ ጥሪ ሁሉንም ሰብስቦ ካቆመ ውጤቱን ከነኮዱ ይላኩልኝ።